የማገዶው ሒሳብ

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ሰኞ

የኮሚቴ ደብዳቤ ደረሰኝ። «የአረንጓዴ ግቢ ኮሚቴ» ይላል። ዩኒቨርሲቲው በዓመት የሚለቀውን ካርቦን እንድንለካ፣ የሚቀነስበትን መንገድ እንድናቀርብ፣ በዚያውም «ዘላቂነትን በትምህርቱ ውስጥ እንድናሰርጽ» ታዘናል። አበል ስለመኖር አለመኖሩ ደብዳቤው ዝም ብሏል። ሰብሳቢ ሆኜ የተመረጥኩት በስብሰባው ዕለት ስላልነበርኩ ነው፤ እኛ ጋ የቀረ ሰው ይመረጣል።

ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ቅጽ ከአንድ የውጭ አገር አጋር ተቋም የመጣ ኤክሴል ነው። ልቀትን በሦስት ይከፍላል፦ ተቋሙ ራሱ የሚያቃጥለው ነዳጅ፣ ገዝቶ የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ፣ ከዚያ የቀረው ሁሉ፤ ጉዞው፣ የዕቃ ግዢው፣ ቆሻሻው። ዓለም የሚለካው በዚሁ አከፋፈል ስለሆነ በእሱ ቅር አልተሰኘሁም። ያሳቀኝ የመጀመሪያው ገጽ ነው። ግማሹ ስለ ሕንፃ ማሞቂያ ይጠይቃል፤ የጋዝ ቦይለሩ ስንት ነው፣ ዕድሜው ስንት ነው፣ በብርዱ ወራት ስንት ሰዓት ይሠራል። እኛ ጋ ማሞቂያው ጋቢ ነው። ሁለተኛው ገጽ ኤሌክትሪክ ነው። የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ ይመነጫል፤ የቀረውም በአብዛኛው ከነፋስ ነው። ባለፈው ጳጉሜን 4 ቀን የተመረቀው የሕዳሴው ግድብም 5,150 ሜጋ ዋት አቅሙን ይዞ እዚያው ላይ ተጨምሯል። ቆጣሪያችን የፈለገውን ያህል ቢቆጥር በቅጹ ቀመር የሚወጣው ካርቦን ከዜሮ ብዙም ፈቀቅ አይልም።

በቅጹ መሠረት ጻድቃን ነን ማለት ነው።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጀራ ቤት ሄድኩ። ቀን ብሄድ የማገኘው አመዱን ብቻ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ተማሪ ለፍርፍሩም፣ ለምሳውም፣ ለራቱም የሚጠብቀው እንጀራ የሚጋገረው ግቢው ተኝቶ ሳለ ነው።

ግድግዳው ከጣሪያው እስከ ሰው ትከሻ ድረስ ጠቁሯል። ጭሱ የሚቆመው እዚያ ከፍታ ላይ ስለሆነ ጋጋሪዎቹ ጎንበስ ብለው ይሠራሉ፤ አፍና አፍንጫቸውን በሻሽ ሸብበዋል። ሊጡን ከዳር ጀምረው እያዞሩ ያፈሱታል፣ ዓይን ሲያወጣ አክንባሎውን ይደፋሉ፣ እሱ እስኪበስል ወደሚቀጥለው ምጣድ ይሻገራሉ። ከእግራቸው ሥር ክንድ ክንድ የሚያህል ባህር ዛፍ በየምድጃው አፍ ተሰክቶ ይነዳል። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እናት አዩኝና፣

«መምህር፣ ምን ጠፋብዎት በዚህ ሌሊት?» አሉ።

«እንጨት ልመዝን ነው እትዬ።»

«ሲገባ ተመዝኖ የለም እንዴ?»

«እኔ የምፈልገው የሚነደውን ነው።»

«እሱንማ ዓይናችንን ይጠይቁት» ብለው አክንባሎውን አነሱ።

ትንሽ ቆይተው አንዱን ግንድ በእግራቸው ገፋ አድርገው አሳዩኝ። በአንዱ ጫፍ እሳት ይዞታል፤ በሌላው ጫፍ አረፋ እየደፈቀ ውኃ ያንጠባጥባል። «ደረቁ የመጣ ዕለት ጨርሰን በጊዜ ጋደም እንላለን፤ እርጥቡ የመጣ ዕለት ጎህ ይቀድብናል» አሉ። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት ሁሉ የበለጠ መረጃ ይህ ይመስለኛል።

ከግድግዳው ማዶ አርባ የኤሌክትሪክ ምጣዶች በረድፍ ተደርድረው ማዳበሪያ ለብሰዋል። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል፤ አርባው አንድ ላይ ቢበራ 140 ኪሎ ዋት ነው። በዚያ ላይ ዶርም ውስጥ ተደብቆ የሚሰካው ስቶቭ አለ። ያለን ትራንስፎርመር ይህን አይችልም፤ ሞክረውት ዘሏል። መብራቱ መሐል ላይ ሲሄድ ደግሞ የተነሳ ሊጥ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ጋጋሪዎቹ እንጨቱን ማመናቸው አይፈረድም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ማገዶውን ቅጹ ላይ ፈለግሁት። ከሦስቱም ክፍል ውጭ፣ ከታች፣ «ለብቻ የሚገለጽ» የሚል መስመር ላይ አለ። ከእንጨቱ ጋር የሚወጣው ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ ከመጀመሪያው ክፍል ይደመራል፤ ዋናው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን ከድምሩ ውጭ ይቀራል። ምክንያቱ ዛፍ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ነው ሲነድ የሚመልሰው፤ በተቆረጠው ቦታ ሌላ ከበቀለ ሒሳቡ ይዘጋል የሚል ነው።

ሕጉ የዋዛ አይደለም፤ ያወጡት ሰዎች አስበውበታል። ግን «ከበቀለ» የምትለዋን ቃል ማን ሄዶ ያያታል? ዋናው የኃይል ምንጫችን፣ ዋናው ጭሳችንና ሴቶቹን በየሌሊቱ የሚያስለቅሰው ነገር ሁሉ የተቀመጠው ድምር በማይነካው መስመር ላይ ነው። ኮሚቴው ቅጹን እንዳለ ሞልቶ ቢልክ ማንም አይጠይቀውም። አልልክም።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ክፍል ውስጥ «ዘላቂ ልማት ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ከአራት ማዕዘን በአንድ ድምፅ መጣ፤ የመጪውን ትውልድ ፍላጎት ሳይጎዳ የዛሬውን የሚያሟላ ምናምን። ይህ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) የብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት ጀምሮ በየሞጁሉ የሚዞር ትርጉም ነው። ሁሉም በቃሉ ይዞታል። «ካፌ የምትበሉት እንጀራ በምን ይጋገራል?» ስል ግን ጸጥ አሉ። አንዷ «በኤሌክትሪክ?» አለች በጥያቄ።

ትምህርቱን እዚያው ቀየርኩት። አንድ ኩንታል አየር ያደረቀው እንጨት ስንት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል? ብዙዎቹ ከመቶ ኪሎ በታች ገመቱ፤ አመድም ይቀራል፣ ጥቀርሻም ይበናል ብለው። አብረን ሠራነው። ከመቶው ኪሎ 40 ያህሉ ካርቦን ነው። 12 ግራም ካርቦን ሲነድ 44 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 40ን በ44 አባዝቶ ለ12 ማካፈል ነው፤ ወደ 147 ኪሎ ይመጣል።

«መምህር፣ ትርፉ ከየት መጣ?» አለ ከኋላ የተቀመጠ ልጅ፤ እንደተጭበረበረ ሰው ነበር የጠየቀኝ።

ከአየሩ ነው። ኦክስጅኑን አልመዘንነውም። ናፍጣም እንዲሁ ነው፤ አንድ ሊትር ናፍጣ አንድ ኪሎ አይሞላም፣ ሲነድ ግን 2.7 ኪሎ ያህል ያወጣል። ልጁ ሒሳቡን ደብተሩ ላይ ደግሞ ሲሠራው አየሁ፤ አላመነኝም፣ ደስም አለኝ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

በብራዚሏ ቤሌም እየተካሄደ ካለው ጉባኤ ዜና መጣ፤ በ2027 (እ.ኤ.አ.) ሠላሳ ሁለተኛውን የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ታስተናግዳለች። የመምህራን ላውንጅ ውስጥ ወሬው ይህ ሆኗል። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ቢሮ ተጠራሁ፤ «እስከዚያ አንድ የሚታይ ነገር ይኑረን» ተባልኩ። የሚታይ የሚለው ቃል አሠጋኝ። የሚታይ ነገር ሲባል እኛ ጋ ብዙ ጊዜ በር ላይ የሚሰቀል ሰሌዳ ነው።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ ያለቀውን ሕዝብ እያሰበ አገሩ ሁሉ ቆሻሻውን የሚያነድበት ቀን። የግቢው ጥበቃና ጽዳት ሠራተኞችም ማለዳውን ሙሉ ሣርና ቅጠል ከምረው አነደዱ። ሣሩስ ሣር ነው። ችግሩ በውስጡ የነበረው የሃይላንድ ፕላስቲክ ነው፤ እየቀለጠ ጥቁር ጭስ ያወጣ ነበር። የዛሬ መቶ ዓመት ሲታጠን ፕላስቲክ አልነበረም ብል የጥበቃው ኃላፊ «ታዲያ ምን እናድርገው፣ ቆሼ እንላከው?» አለኝ። ቆሼ ላይ በመጋቢት 2009 ክምሩ ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው እንደቀበረ ሁለታችንም እናስታውሳለን። ተማሪዎቹ ፕላስቲኩን ለይተው ለቆራሌው እንዲሸጡት ተስማማን፤ ገንዘቡም ለክበባቸው ይሆናል። ይህኛው ያለ ኮሚቴ በአሥር ደቂቃ አለቀ።

ታኅሣሥ 9፣ ሐሙስ

የጄነሬተሩ መዝገብ። ኦፕሬተሩ ጨዋ ሰው ነው፤ መዝገቡን አቧራውን አራግፎ ሰጠኝ። የተነሳበት ሰዓት አለ፣ የጠፋበት ሰዓት የለም። ናፍጣው ከግምጃ ቤት የወጣበት ሞዴል 22 ግን አንድም አልጎደለም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው መጥፊያ ሰዓት ሊረሳ ይችላል፤ ፊርማ አይረሳም። ስለዚህ ልቀቱን ከሞዴሉ አወጣሁት፤ ሊትሩን በ2.7 ማባዛት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የሶላር ነገር ይነሳል። ናይሮቢ ያለው ስትራትሞር ዩኒቨርሲቲ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ጣሪያው ላይ 600 ኪሎ ዋት ተክሏል፤ ብዙ ሰው እሱን ይጠቅስልኛል። የእኛ መብራት ግን ቀድሞውኑ ከውኃ ስለሆነ፣ ሶላሩ መብራቱን ቢተካ የሚቀንሰው ካርቦን እዚህ ግባ አይባልም። የሚጠቅመው ናፍጣውን ከተካ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ባትሪ ያስፈልጋል፤ ውዱ ነገር እሱ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ሶላር» ብሎ መጻፍ ይቀላል። የት ቦታ፣ ምንን ለመተካት የሚለውን ካልጻፍን ግን ያው የሚታይ ነገር ይሆናል።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ማታ ስለ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሳነብ አመሸሁ። ኮርኔል ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሕንፃዎቹን የሚያቀዘቅዘው ካዩጋ ከሚባለው ሐይቅ ጥልቅ ክፍል በሚገኝ ቅዝቃዜ ነው። ስታንፎርድ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የጋዝ ጣቢያውን ዘግቶ፣ ከሚቀዘቅዙት ሕንፃዎች የሚወጣውን ሙቀት የሚሞቁትን ለማሞቅ ያውለዋል። ብልሃቱ ያስቀናል፤ ለእኛ ግን ያልታመምነው በሽታ መድኃኒት ነው።

ሐይቅ ሲባል ሐረማያ ትዝ አለኝ። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኦክላሆማ እገዛ የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅ ከሐይቁ አጠገብ ነበር። ያ ሐይቅ ሐረርን ያጠጣ ነበር፣ ጫቱንና አትክልቱን ያጠጣ ነበር፣ ደለልም እየሞላው ሄደ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር መሬቱ ተሰነጣጥቆ ከብት የሚሄድበት ሆነ። በቅርብ ዓመታት ውኃ ተመልሶበታል። ጥፋቱ የኮሌጁ ነው ማለቴ አይደለም፤ ፓምፑ የብዙ ሰው ነበር። ግን የአገሪቱ የአፈርና የውኃ ምሁራን በመስኮታቸው እያዩት ነው የደረቀው። ስለ ዘላቂነት አንድ ኮርስ ቅረጽ ብባል ገጽ አንድ ላይ ይህን ሐይቅ አደርገው ነበር፤ የብሩንትላንድን ትርጉም ተማሪዎቹ ከፈለጉ ገጽ አርባ ላይ ያግኙት።

ጥር 14፣ ሐሙስ

ከጥምቀት ማግስት ሁለት ነገር ሆነ።

አንደኛው፣ ተማሪዎቹ ከጭነት መኪናው ላይ የወሰዱትን እንጨት ቆራርጠው በአፈር ላብራቶሪው ኦቭን 105 ዲግሪ ላይ አደረቁት፤ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም። ከሚዛኑ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ነበር። ማገዶ የምንገዛው በኪሎ ነው። አቅራቢው ዛሬ ቆርጦ ዛሬ ቢጭን ይጠቀማል፤ አድርቆ ቢያመጣ ይከስራል። በደንብ አየር ያደረቀው እንጨት በኪሎ 15 ሜጋጁል ያህል ሙቀት ሲሰጥ ግማሹ ውኃ የሆነው 8 ገደማ ነው የሚሰጠው፤ ግማሹ ሚዛን የማይነድ ውኃ ነው፣ ከእንጨቱ ሙቀትም ከፊሉ ያንን ውኃ ለማትነን ያልቃል። ለአንድ እንጀራ እጥፍ የሚጠጋ ኪሎ ለምን እንደምንገዛ፣ ጭሱም ለምን እንደዚያ እንደሚወፍር እዚህ ላይ ተገናኘ። የጨረታ ሰነዳችን ራሱ ውኃ እንድንገዛ ያዘናል ማለት ነው።

ሁለተኛውን ያገኙት እትዬ ናቸው። ክምሩ ዘንድ አስጠርተው ሁለት ቀጫጭን ፍልጥ አሸተቱኝ። ወይራ ነው። «ይኼንን እኔ አላነደውም፤ ለጋኔ ማጠኛ ነው የማደርገው» ብለው ወደ ዘንቢላቸው መለሱት። ጨረታው ባህር ዛፍ ይላል። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ደገኛው ሥራውን ያውቅበታል፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ በጥቂት ዓመት ዳግመኛ ለመቁረጥ ይደርሳል። ለእሱ የቅጹ ሕግ እውነት ነው፤ ሒሳቡ ይዘጋል። ወይራ ግን የአያት ዕድሜ የሚፈጅ ዛፍ ነው፤ ከየትኛው ተረተር ላይ እንደተቆረጠ የሚያውቅ የለም። አቅራቢው «ሳናውቅ ተቀላቅሎ ነው» አለ። ምናልባት እውነቱን ነው። ቅጹ ላይ ግን ሁለቱም «እንጨት» ናቸው፤ በማሽተት የሚለያቸው እትዬ ብቻ ናቸው።

ለኮሚቴው አንድ ሐሳብ ጻፍኩ፦ ከጋጋሪዎቹ አንድ ሰው በማገዶ ርክክቡ ላይ ይቀመጥ፣ ይፈርም። «የትምህርት ደረጃቸው?» ተብዬ ተጠየቅሁ።

የካቲት 6፣ ዓርብ

አንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሮፓ ውስጥ በሚደረግ የአየር ንብረት ጉባኤ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ተጋበዘ። ቅጹ ጉዞንም ስለሚጠይቅ አሰላነው፦ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ በአንድ መንገደኛ አንድ ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። አማካይ ኢትዮጵያዊ ከነዳጅና ከሲሚንቶ በዓመት የሚደርሰው 0.2 ቶን አይሞላም። ባልደረባዬ «እንግዲህ የአምስት ዓመቴን በአንድ ሳምንት ልጨርሰው ነው» ብሎ ሳቀ።

ሂድ ነው ያልኩት። በየወሩ የሚበርሩ ፕሮፌሰሮች ያሉባቸው ተቋማት በረራ ይቀንሱ ቢባል ይገባኛል። በስንት ዘመን አንዴ ቪዛ ያገኘን ሰው ከበር መመለስ ግን የካርቦን ቁጠባ ሳይሆን ሌላ ነገር ነው። ቶኑን መዝግበነዋል፤ መደበቅ አያስፈልግም።

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ዘንድሮ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ። ወጥ ቤቱ ሽሮና ምስር በምስር ሆኗል፤ ሌሊት ለሰሁር የሚነሱት ተማሪዎችም እሳቱን ሞቅ ባለበት ያገኙታል። ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ከካፍቴሪያዎቹ የበሬና የበግ ሥጋ አስወጥቶ የምግቡን ካርቦን በጣም እንደቀነሰ አንብቤያለሁ፤ ትልቅ ክርክርም ነበረበት። እኛ ጋ ረቡዕና ዓርብ ያለ ክርክር ይጾማል። ይህንን ቅጹ ላይ እንደ ስኬት እንጻፈው የሚል ሐሳብ ከኮሚቴው መጣና ተቃወምኩ። ያልሠራነውን ሥራ በስማችን ማስመዝገብ ነው። በዚያ ላይ ተማሪው ሥጋ የማይበላው ሁልጊዜ በጾም ምክንያት እንዳልሆነ ካፌ የበላ ሁሉ ያውቃል።

መጋቢት 7፣ ሰኞ

አዲሱ የማገዶ ጨረታ ሰነድ ወጣ። የእርጥበት መጠኑ ከ25 በመቶ የማይበልጥ፣ ባህር ዛፍ ብቻ፣ የተቆረጠበት ቀበሌ የሚገለጽ። የግዢ ኃላፊው ሰነዱን ሦስት ጊዜ መልሶብኝ ነበር።

«ዶክተር፣ የደረቀው በኪሎ ውድ ነው። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ጣልክ ብሎ ኦዲተር ሲይዘኝ አንተ ትቆምልኛለህ?»

ሙቀቱን በብር አካፍዬ አሳየሁት፤ በአንድ ብር ስንት ሜጋጁል። ርካሹ ውድ ሆኖ ወጣ። ወረቀቱን ፈርሜ፣ ማኅተም አስደርጌ ሰነዱ ላይ አያያዝኩለት፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ይፈልግ ነበር፣ እሱም አልተሳሳተም።

ለእንጨቱ ማድረቂያ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ መጠለያ ጠይቄ ነበር፤ ለሚቀጥለው ዓመት በጀት ተላልፏል። ትራንስፎርመሩ ከመብራት ኃይል ጋር በደብዳቤ ላይ ነው። እሱ ሲመጣ ማዳበሪያ የለበሱት ምጣዶች ይገለጣሉ፤ የዚያን ዕለት የዩኒቨርሲቲው ልቀት ከሁሉም ዕቅዳችን የበለጠ ይቀንሳል፣ እንጀራ ቤቱም ጣሪያው ይታያል። እስከዚያ ድረስ ለምድጃዎቹ የጭስ ማውጫ እየተሠራ ነው። ለካርቦኑ የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ሪፖርቱ ውስጥም አይገባም፤ ግን መጀመሪያ እንዲሠራ ያስወሰንኩት እሱን ነው።

ዛሬ ከሰዓት ሁለት አቅራቢዎች ማብራሪያ ሊጠይቁ መጡ። አንዱ «እርጥበቱን ማን ነው የሚለካው?» አለ። ተማሪዎቹ በኦቭን፣ ወይራውን ደግሞ ወይዘሮዋ በአፍንጫቸው አልነው። የርክክብ ኮሚቴው አባል ሆነው ደብዳቤ ደርሷቸዋል፤ የትምህርት ደረጃ የሚለው መስመር ባዶ ነው። ሰውየው ከሣቀ በኋላ መለኪያው ኦቭን ከሆነ መብራት የጠፋ ቀን ያመጣሁት ጭነት እንዴት ሊሆን ነው ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ናሙናው ታሽጎ መብራት እስኪመጣ ይቀመጣል የሚል አንቀጽ ነገ ጠዋት እንጨምራለን።